ሁሉም ቱቦ ሲሊኮን አይደለም፤ የጀልባ ማሸጊያ ሲያስቸግር

ኮምቦልቻ ላይ ጀልባ እጠግናለሁ ስል ሰው ይስቃል። እውነታቸውን ነው፤ ያለን ውሃ ቦርከና ነው፣ እሱንም በበጋ ልጅ ዘሎ ይሻገረዋል። ግን ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ አርዲቦ ሐይቅም ከዚያ አይርቅም። ቆሮሶ ዓሣ የሚያጠምዱት ልጆች ጀልባቸው ማፍሰስ ሲጀምር በአይሱዙ ጭነው የሐረጎን ቁልቁለት ወደ እኔ ይወርዳሉ። የኔ ዋና ሥራ የጭነት መኪና ቦዲ ነው። ጀልባው በጎን የመጣ ነው። ማሸጊያው ግን የመኪናው ዘመድ ስለሆነ እጄ አልራቀውም።

ከችግሮቹ በፊት አንድ የስም ጉዳይ አለ። እኛ አገር ከማሸጊያ መጭመቂያ ሽጉጥ የሚወጣ ነገር ሁሉ ሲሊኮን ይባላል። ሱቅ ገብታችሁ "ሲሊኮን ስጠኝ" ካላችሁ ባለሱቁ የመታጠቢያ ቤቱን ያቀብላችኋል። ምን ያድርግ፣ የጠየቃችሁትን ነው የሰጠው። ለጀልባ በብዛት የሚያስፈልገው ግን ፖሊዩሬታን የሚባለው ነው። ያሽጋል፣ ያጣብቃልም። ሲካፍሌክስ 291 እና ስሪ ኤም 5200 የዚህ ዘር ናቸው። ፖሊሰልፋይድ የሚባል አለ፤ ያሽጋል፣ የማጣበቅ ጉልበቱ ግን ያንሳል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሃይብሪድ ወይም ኤምኤስ ፖሊመር የሚሉት መጥቷል፤ ለአያያዝ ቀላል ነው። ቱቦውን አዙሩና አንብቡ። ከውሃ በታች እንደሚሠራ ካልተጻፈበት ከውሃ መስመር በታች አታስገቡት። የመኪና መስታወት ማጣበቂያም ፖሊዩሬታን ነው፤ ግን ቀንና ሌሊት ውሃ ውስጥ እንዲኖር አልተሠራም።

ተላጦ ይነሳል

ከሚመጡልኝ ጀልባዎች አብዛኞቹ በሽታቸው ይሄ ነው።

አንድ ልጅ የፋይበር ጀልባ ይዞ መጣ። "ጋሼ፣ ሦስት ጊዜ አሸግኩት፣ ሦስት ጊዜ ለቀቀኝ" አለኝ። የማሸጊያውን ጫፍ በጥፍሬ ነካ አደረግኩት። ሳብ ሳደርገው አንድ ክንድ የሚሆን እንደ ሙዝ ልጣጭ ተላቆ እጄ ላይ ቀረ። አልጣልኩትም። ገልብጬ አየሁት። እናንተም እንደዚህ አድርጉ፤ የተላጠው ራሱ ይናገራል።

ጀርባው ልሙጥና የሚያብረቀርቅ ከሆነ፣ ፋይበሩም ላይ ምንም ካልቀረ፣ ድሮም አልያዘም ማለት ነው። ጥፋቱ የገጹ ነው። ማሸጊያው መሃሉ ላይ ተቀዶ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ከቀረ ግን በደንብ ይዟል፤ የተሸነፈው በመለጠጥ ነው። ያኔ መጋጠሚያው በጣም ቀጭን ነበር፣ ወይም እንጨቱና ብረቱ ከሚገባው በላይ ይንቀሳቀሳሉ። ሁለት እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያስፈልገዋል። ሌላም አለ፤ የተላጠው ጀርባ ላይ ቀለም ተለጥፎ ከመጣ ማሸጊያው ጀግና ነው፣ የለቀቀው ቀለሙ ነው። ቀለሙን እስከ ጤነኛው ድረስ ፍቁት።

የልጁ ጀልባ ልሙጥ ነበር። ፋይበር ከሞልድ፣ ማለትም ከቅርጽ ማውጫው ሲወጣ ሰም አብሮት ይወጣል፤ ሰም ላይ ምንም አይጣበቅም። ከዚያ በላይ ደግሞ መጀመሪያ የቀባው የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ነበር። ሲሊኮን ቢላጥም የማይታይ ቅባት ትቶ ይሄዳል። ያ ቅባት ላይ ፖሊዩሬታን አይዝም፣ ቀለም አይዝም፣ ሌላ ሲሊኮን እንኳ በቅጡ አይዝም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሙከራ ገና ሳይጀመር ነው የከሸፈው።

መፍትሄው አድካሚ ነው፣ አቋራጭ የለውም። ሲሊኮኑን በምላጭ አንሱ። ቦታውን በአሴቶን ጥረጉ፣ ከዚያ በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ፈትጉ፣ አቧራውን አንሱ፣ እንደገና በአሴቶን ጥረጉ። ከመጥረጋችሁ በፊት መፈተግ አትጀምሩ፤ ቅባቱን ወደ ጭረቱ ነው የምታስገቡት። ሁለት ጨርቅ ያዙ። አንዱ አሴቶን የነካ፣ ሁለተኛው ደረቅ። አሴቶኑ ሳይተን በደረቁ አንሱት፤ አለዚያ ቅባቱን ከቦታ ቦታ ማዞር ብቻ ይሆናል። ቤንዚን የሚጠቀም ብዙ ሰው አለ። ቤንዚን የራሱን ቅባት ትቶ ይሄዳል፣ ተዉት። አሴቶን ደግሞ እሳት ይወዳል፤ ቡና የሚፈላበት ከሰል አጠገብ አይከፈትም።

ገጹ መጽዳቱን የማውቅበት ዘዴ ነጻ ነው። ጥቂት ውሃ እረጭበታለሁ። ውሃው ተሰባስቦ እንደ ዶቃ ከቆመ ቅባት አለ። እንደ ስስ ጨርቅ ከተዘረጋ ጸድቷል። ከዚያ ይደርቅ፣ ከዚያ ይታሸግ። የልጁን ጀልባ አራት ጊዜ ጠርጌ ነው ውሃው የተዘረጋልኝ።

ቀናት አልፈውም ይጣበቃል፣ አልደርቅ አለ

ፖሊዩሬታን እንደ ቀለም ተኖ አይደርቅም። ከአየር ላይ እርጥበት ስቦ ነው የሚጠነክረው። ይሄን ያልተረዳ ሰው ፀሐይ ላይ አውጥቶ ይጠብቃል። ሞቃት አየር ይጠቅመዋል፤ ግን እርጥበት ከሌለ ዋጋ የለውም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ እኛ አካባቢ ቀን አየሩ ደረቅ ነው፣ ማታ ብርዱ አጥንት ይገባል። ሁለቱም ያዘገያሉ። በዚያ ወቅት በዙሪያው መሬቱን ውሃ እረጫለሁ፣ ከላይ ሸራ እጥላለሁ፤ ማሸጊያው ላይ ግን ውሃ አይነካም።

ውፍረቱንም አስቡ። ክፍል ሙቀት ላይ በ24 ሰዓት ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ውስጥ ይጠነክራል። ከዚያ በኋላ እርጥበቱ የጠነከረውን ቆዳ አልፎ መግባት ስላለበት እየዘገየ ይሄዳል። ስድስት ሚሊ ሜትር ሁለት ቀን አይፈጅም፤ ወደ አራት ቀን ይጠጋል። በላሜራና በፋይበር መካከል ሰፊ አድርጋችሁ ከቀባችሁት ደግሞ አየር የሚያገኘው በጠርዝ ብቻ ነው። ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። በጣት ነክቶ "ደርቋል" ማለት ቆዳውን ነው መንካት።

ቱቦው ጊዜው ያለፈበትም ሊሆን ይችላል። አብዛኞቹ ከተመረቱ ዓመት ገደማ ነው ዕድሜያቸው፤ ያውም ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጡ። በግንቦት ሙቀት ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ የከረመ ካርትሪጅ ቀኑ ባያልፍም አላምነውም።

አንዱን ጥፋት ግን ራሴ ነኝ የሠራሁት። ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ሳኒታይዘር መደርደሪያ ላይ ነበር። ያሸግኩትን በጣቴ ለማለስለስ እሱን ነካ ነካ አደረግኩ። ምን ያምራል! እንደ ቅቤ ተለሰነ። በአራተኛው ቀን እንደ ማስቲካ ነበር። በስምንተኛውም እንደ ማስቲካ። ሳኒታይዘር አልኮል ነው፤ አልኮል ደግሞ ገና ያልጠነከረ ፖሊዩሬታን ውስጥ ገብቶ የሚጠነክርበትን ሥራ ያበላሻል። እንዲህ የሆነ ነገር በጊዜ አይድንም። ሁሉንም ፍቆ እንደገና መጀመር ነው። አሁን በሁለቱም ጎን የቀለም ፕላስተር እለጥፋለሁ፣ በደረቅ ስፓቱላ አንድ ጊዜ ጎትቼ አስተካክላለሁ፣ ቆዳ ሳይሠራ ፕላስተሩን አነሳለሁ። ትርፉ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። ጓንት አድርጉ፣ በር ክፈቱ።

ማሸጊያው ደህና ነው፣ ጀልባው ግን ያፈሳል

ውሃው የሚታይበትና የሚገባበት ቦታ አንድ ነው ብላችሁ አትነሱ። ከፊት ገብቶ በወለሉ ስር ተንሸራቶ ከኋላ ብቅ ይላል። ሰው ኋላውን ያሽጋል። ደግሞ ያፈሳል፣ ደግሞ ያሽጋል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይሄ ነው።

ጀልባውን ውጭ በደንብ ደግፉትና ውሃውን ከውስጥ ጨምሩበት። ብዙ አይደለም፤ አምስት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃል። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው፤ ሁለት በርሜል ከገለበጣችሁበት 400 ኪሎ ተሸክሞ ሆዱ ሊሰነጠቅ ይችላል። የውጭውን ገጽ አድርቁና ስሱ ዱቄት ነስንሱበት፤ እኔ የተጣለ የጤፍ ዱቄት ነው የምጠቀመው። የሚያፈሰው ቦታ ላይ ዱቄቱ ይጠቁራል። በጠመኔ አክብቡት። ቸኩላችሁ አትጨርሱ፤ ትንሿ ቀዳዳ ግማሽ ሰዓት ትወስዳለች።

አብዛኛውን ጊዜ ጠመኔው የሚያከብበው ቡሎን ነው። የቡሎን ነገር እንዲህ ነው። ሰው ማሸጊያ ቀብቶ ዳዶውን እስኪጮህ ያጠብቃል። ማሸጊያው በሙሉ ተጨምቆ ይወጣል፤ በሮንዴላውና በፋይበሩ መሃል የቀረ ነገር የለም። መጀመሪያ ልል አድርጋችሁ እሰሩት፣ በዙሪያው ትንሽ እስኪወጣ ብቻ። ከጠነከረ በኋላ የመጨረሻዋን ሩብ ዙር ስጡት። ያኔ ማሸጊያው እንደ ጎማ ሮንዴላ ይጨመቃል። ስታጠብቁ የቡሎኑን ራስ ያዙና ዳዶውን ብቻ አዙሩ፤ ራሱ ከዞረ የያዘውን ሁሉ ይቆርጠዋል። የቀዳዳውን አፍ በትልቅ የመሰርሰሪያ ሜጫ ትንሽ ብትከፍቱት ደግሞ ማሸጊያው የሚቀመጥበት ቀለበት ያገኛል።

ስንጥቅ ከሆነ ግን ቱቦውን አስቀምጡ። የተሰነጠቀ ፋይበር በማሸጊያ አይድንም። እሱ ሥራው የፋይበር ጨርቅና ሬዚን (የሚደነድን ፈሳሽ ሙጫ) ነው። ማሸጊያ መጋጠሚያ ነው የሚያሽግ፣ አጥንት አይጠግንም። ዝገት የበላው ላሜራም እንደዚሁ፤ ከላይ ሲታሸግ ዝገቱ ከስር መብላቱን ይቀጥላል። ሰው የሚሳፈርበት ጀልባ ላይ በዚህ ጉዳይ አልደራደርም። ደንበኛው ቢቆጣም ይቆጣ።

አረፋ ሠራ፣ እንደ እንጀራ ዓይን አወጣ

እርጥብ እንጨት ነው። ፖሊዩሬታን ብዙ ውሃ ሲያገኝ ጋዝ ያወጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚመጣ የእንጨት ጀልባ ውጭው የደረቀ ይመስላል፤ ቢላ ስትወጉት ውስጡ ይጨመቃል። ጥላ ስር ይሰንብት። ዓይኑ የበዛበትን ቆርጣችሁ አውጡ፣ ላዩን መቀባት አያድነውም።

በተቃራኒው በበጋ የደረቀ ሳንቃ መሃሉ ይከፈታል። ያን ክፍተት እስከ አፉ ጠቅጥቃችሁ ከሞላችሁት እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ማሸጊያውን ገፍቶ ያስወጣዋል። ትንሽ ጎድጎድ አድርጋችሁ ተዉት።

ላዩ ቢጫ ሆኖ ይፈረፈራል

ፀሐይ ነው። የሐይቅ ውሃ ጨው የለውም፤ በዚህ በኩል ከባሕር ጀልባ ይልቅ ዕድለኞች ነን። ግን ሐይቁ ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር በላይ ነው፣ ፀሐዩ አይምርም። የተፈረፈረው ላዩ ብቻ ከሆነ ፈትጋችሁ ቀለም ቀቡበት። ፖሊዩሬታን ቀለም ይቀበላል፣ መጀመሪያ ግን ጥግ ላይ ሞክሩት። ሲሊኮን ፈጽሞ አይቀበልም።

የፕላስቲክ መስኮቱ ተሰነጣጠቀ

ፖሊሰልፋይድ ወይም አሴቶን ነክቶታል። ሁለቱም ጥርት ያለ ፕላስቲክ ላይ አይሄዱም። መስኮቱ ይቀየራል፤ ለፕላስቲክ ተብሎ በተጻፈበት ማሸጊያ ይታሰራል።

አልላቀቅ አለ

ይሄ የጥሩ ሥራ ችግር ነው። ስሪ ኤም 5200 ዓይነቱን ነገ ሊፈታ በሚችል ዕቃ ላይ የቀባ ሰው ራሱን ይውቀስ፤ ፋይበሩን ገንጥሎ ነው የሚነሳው። ለሚፈታ ነገር ፖሊሰልፋይድ ነበር የሚሻለው። አንዴ ከሆነ ግን ጠንካራ የዓሣ ማጥመጃ ክር ሁለት እንጨት ላይ ጠምጥሙና በመጋጠሚያው ውስጥ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ ሳቡት። ለሁለት ሰው ይቀላል። ክሩን ሐይቅ ልጆች ናቸው ያመጡልኝ፤ ከየትኛውም ቢላ የተሻለ ሠርቶልኛል።

ግማሽ የቀረው ቱቦ ደነደነ

አፍንጫው ላይ ረጅም ቪት አስገብታችሁ በፕላስተር ብትጠቀልሉት ጥቂት ቀን ያቆየዋል። ልትጠቀሙበት ቪቱን ስታወጡ አብሮት የሚመጣውን ደንዳና ቡሽ ጣሉ፣ መጀመሪያ የሚወጣውንም ካርቶን ላይ ጨምቁትና እዩት። ቋጠሮ ካለው የመኪና የኋላ መብራት ላይ ነው የምጨርሰው፤ ጀልባ ላይ አዲስ ቱቦ እከፍታለሁ።