አንድ ኤምአርኤንኤ የዩፒኤፍ1 ዒላማ መሆኑን እንዴት እንፈትሻለን?

ዩፒኤፍ1 ያለቦታው የመጣ ማቆሚያ ኮዶን (የፕሮቲን ሥራ እንዲቆም የሚያዝ ምልክት) ያለበትን ኤምአርኤንኤ (ፕሮቲን የሚሠራበትን የጂን መልእክት ቅጂ) ለይቶ የሚያስወግድ ፕሮቲን ነው። ስለዚህ ዩፒኤፍ1 ሲቀነስ ዒላማዎቹ ይጨምራሉ። ለመፈተሽ በሄላ ሴሎች (በላብራቶሪ በሚራቡ የሰው ሴሎች) ላይ ዩፒኤፍ1ን የሚቀንስ 20 ናኖሞላር ኤስአይአርኤንኤ (የአንድን ጂን ምርት የሚቀንስ አጭር አርኤንኤ) ይጠቀሙ፤ የትኛውንም ጂን የማይነካ ማነጻጸሪያ ኤስአይአርኤንኤም ጎን ለጎን ይኑር። ከ48 እስከ 72 ሰዓት ይበቃል። ሲረዝም ሴሎቹ መከፋፈል ሊያቆሙ ይችላሉ፣ ውጤቱም ይበላሻል።

በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በመጠናቸው ለይቶ በሚያሳይ ዘዴ) 130 ኪሎዳልተን አካባቢ ያለው የዩፒኤፍ1 መስመር መደብዘዙን ሳያዩ አይቀጥሉ። አርኤንኤውን በዲኤንኤዝ (ዲኤንኤን በሚቆራርጥ ኢንዛይም) አጽድተው በአርቲ-ኪውፒሲአር (የአርኤንኤን መጠን በሚለካ ዘዴ) ይለኩ። የታወቀው ዒላማ ጋስ5 ካልጨመረ ሙከራውን ይድገሙት።

ትልቁ ወጥመድ ይሄ ነው፦ መጠኑ መጨመሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ጂኑ በብዛት ስለተገለበጠም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ኢንትሮን (ኤምአርኤንኤው ሲበስል ተቆርጦ የሚወጣ ክፍል) ላይ በሚያርፍ ፕራይመር (የሚለካውን ክፍል በሚመርጥ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) ያልበሰለውን ቅጂም ይለኩ። እሱ ባለበት ሆኖ የበሰለው ብቻ ከጨመረ፣ የተለወጠው የኤምአርኤንኤው ዕድሜ ነው።