የአሮጌ ቮልስ የኋላ ጎማ ሲንኳኳ ወይም ዘይት ሲያፈስ

ቮልስ ከኋላው ድምፅ ማሰማት ሲጀምር ብዙ ባለቤቶች ኩሽኔታ (ዘንጉ በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገውን ክፍል) ለመግዛት ይቸኩላሉ። ድምፁ ግን ታምቡሩን (ጎማው የሚታሰርበትንና ፍሬኑ የሚይዘውን ክብ ብረት) ጎማውን ከሚያዞረው ዘንግ ከአክስሉ ጋር አጥብቆ ከሚይዘው ትልቁ ዳዶ መላላትም ሊመጣ ስለሚችል፣ ከሁሉ በፊት እርሱን መመርመር ይገባል።

መኪናው ሲነሳ ወይም ማርሹ ወደ ኋላ ሲገባ አንድ ጊዜ ቋ ብሎ የሚያቆም ድምፅ፣ ዳዶው መላላቱን ወይም የታምቡሩ የውስጥ ጥርሶች መበላታቸውን ይጠቁማል። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር የሚያይልና ማርሹ ዜሮ ሲሆንም የማይጠፋ ጉርምርምታ ደግሞ ወደ ኩሽኔታው ያመለክታል። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚሰማ ፍጭት የሸራ (ታምቡሩን ከውስጥ ተጭኖ የሚይዘው የፍሬን ልባስ) ማለቅ ነው።

በጎማው የውስጥ ጎን እርጥበት ከታየ በጣት ነክቶ ማሽተት ይበቃል። ወፍራምና ድኝ ድኝ የሚሸት ከሆነ የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት ማፍሰስን በሚከላከለው ቀለበት፣ በፓራሊዮው በኩል አልፏል ማለት ነው፤ ቀጭንና ቀለም የሚልጥ ከሆነ የፍሬን ሲሊንደሩ ያፈስሳል። በአሮጌዎቹ ተወዛዋዥ አክስል ባላቸው ቮልሶች የኋላ ኩሽኔታው የሚለሰልሰው በዚያው በካምቢዮ ዘይት ስለሆነ፣ የፓራሊዮን ማፍሰስ ችላ ማለት ኩሽኔታውንም ካምቢዮውንም ለጉዳት ያጋልጣል። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ቢታጠብም አይታመንም፤ በሁለቱም ጎማዎች በአንድነት መቀየር አለበት።

መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙ፣ የፊት ጎማዎቹን በታኮ ያስደግፉ፣ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ። የዳዶውን መያዣ ሽቦ ካወጡ በኋላ በ36 ቁልፍና በረጅም ቧንቧ የሚላላው ጎማው መሬት ላይ እንዳለ ነው፤ ክሪክ ላይ በቆመ መኪና ይህን ያህል ኃይል መጠቀም አደገኛ ነው። ከዚያ አንስተው በጠንካራ መደገፊያ ያሳርፉትና የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ። ታምቡሩ አልወጣ ካለ ጠርዙን በመዶሻ ከመደብደብ ይልቅ የሸራውን ማስተካከያ ያላሉ። አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራውን በአየር አይንፉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት።

የታምቡሩ ጥርሶች ከተበሉ ዳዶውን ማጥበቅ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ታምቡሩ ይቀየራል። የተበላ ጥርስ በመንገድ ላይ ከተቀረጠፈ ሞተሩ ያንን ጎማ ሊነዳው አይችልም፣ የእጅ ፍሬኑም አክስሉን ሳይሆን ታምቡሩን ስለሚይዝ ይህን የጥርስ መበላት አያሳይም። ስለዚህ በዚህ ቁጠባ የለም።

ሲገጠም ዳዶው በ30 ኪሎ ግራም ሜትር ይጠብቃል፤ ይህም በአንድ ሜትር ቧንቧ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ እንደ መጫን ነው። የሽቦው ቀዳዳ ካልገጠመ ጥቂት ይጨምሩ እንጂ በፍጹም ወደ ኋላ አይመልሱት፤ ሽቦውም አዲስ ይሁን። የፍሬን ሲሊንደር ከተፈታ አየሩን ያስወጡ፤ የካምቢዮውን ዘይት እስከ መሙያው ቀዳዳ ታችኛ ጠርዝ ይሙሉ። ጥቂት ከተነዳ በኋላ ዳዶው እንደገና ይፈተሻል።