ማንግሮቭ ከመትከላችሁ በፊት፦ የባሕር ዳርቻ ተመራማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የባሕር ዳርቻን በተፈጥሮ መንገድ እንጠብቃለን የሚል የጥናት ዕቅድ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የማየው ችግኙ የት እንደሚተከል ነው። ብዙ ጊዜ ባሕሩ ሲጎድል ብቅ የሚል ባዶ የጭቃ ሜዳ ሆኖ አገኘዋለሁ። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል።

ሜዳው ለምን ባዶ ሆነ? ማንግሮቭ በባሕር ዳርቻ ጨዋማ ጭቃ ላይ የሚበቅል፣ ፍሬውን በውሃ ላይ የሚሰድ ዛፍ ነው። በአቅራቢያው ደን ካለ ፍሬው እዚያ መድረሱ አይቀርም። ደርሶ ካልበቀለ የከለከለው ነገር አለ ማለት ነው። ማንግሮቭ ጨው ይችላል እንጂ አብዛኛውን ቀን ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ መኖር አይችልም፤ የጭቃ ሜዳው ደግሞ ብዙ ጊዜ ለእሱ በጣም ዝቅ ያለ ነው። ስሪ ላንካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2004ቱ ሱናሚ በኋላ ማንግሮቭ የተተከለባቸው 23 ቦታዎች ሲፈተሹ በ9ኙ አንድም ችግኝ አልተረፈም። ፊሊፒንስም ብዙ ገንዘብ ወጥቶ የጽድቀት መጠኑ በጥቅሉ ከ10 እስከ 20 በመቶ ነበር።

ይህ ካለማወቅ ብቻ የሚመጣ አይደለም። የጭቃ ሜዳው ባለቤት የለውም። ደኑ ድሮ የነበረበት ቦታ ግን ዛሬ የዓሣና የሽሪምፕ ኩሬ ሆኗል፤ ባለይዞታ አለው፣ ክርክር አለው። ራይዞፎራ የሚባለው የማንግሮቭ ዓይነትም የሚመረጠው ረጅም ፍሬውን ጭቃ ላይ ሰካ ሰካ ማድረግ ስለሚቀል ነው፤ ከባሕሩ ፊት ለፊት መቆም የሚችሉት እነ አቪሴኒያና ሶኔራሺያ የሚባሉት ሌሎች የማንግሮቭ ዓይነቶች ሆነው ሳለ!

ሜዳው ለምን ባዶ እንደሆነ በትክክል ከተጠየቀ መልስ ይገኛል። ምጽዋ አጠገብ ሕርጊጎ ላይ የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ጎርደን ሳቶ ማንግሮቭ የሚበቅለው ዝናብ ሲጥል ጎርፍ በሚወርድባቸው ቦታዎች መሆኑን አስተዋለ። ጎርፉ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብረት ያመጣል። እነዚህን ለችግኞቹ ሲሰጣቸው ባዶው ዳርቻ ላይ ጸደቁ። ሌላ ቦታ መልሱ ሌላ ነው። ፍሎሪዳ፣ ዌስት ሌክ ላይ የባሕሩ ውሃ እንደልቡ እንዲገባና እንዲወጣ ሲደረግ ዛፎቹ ሳይተከሉ ራሳቸው በቀሉ።

የተተከለውን ሳይሆን ከአምስት ዓመት በኋላ የቆመውን ቁጠሩ።

ሞገድንና አውሎ ነፋስ ገፍቶ የሚያመጣውን የባሕር ሙላት አታምታቱ። 100 ሜትር ስፋት ያለው ማንግሮቭ የሞገድን ከፍታ ከ13 እስከ 66 በመቶ ይቀንሳል፤ ሪፖርት ላይ የምትገባው ግን ሁልጊዜ 66ቷ ናት። ሙላቱን ለመቀነስ ደግሞ በኪሎሜትር የሚለካ ደን ያስፈልጋል፤ ያም ሆኖ በአንድ ኪሎሜትር የሚቀንሰው በግምት ከ5 እስከ 50 ሴንቲሜትር ነው። በጠባብ ደን ከተማ ከአውሎ ነፋስ ይተርፋል ብሎ መጻፍ ሰው ያስገድላል።

ሞገዱን በምታሰሉበት ሞዴል ውስጥ ዛፉን ከላይ እስከ ታች እኩል ውፍረት ያለው ምሰሶ አታድርጉት። ራይዞፎራ ከታች ሥሩ እርስ በርስ ተጠላልፎ ጥቅጥቅ ይላል፣ ከዚያ በላይ ግንዱ ብቻ ስለሚቀር ይሳሳል፣ እንደገና ቅርንጫፉና ቅጠሉ ይመጣል። ስለዚህ ውሃው ጉልበት ላይ ሲደርስና ከሰው ቁመት ሲያልፍ ሞገዱን የሚገታው ነገር አንድ አይደለም።

የአንድ ወቅት መለኪያ ይዛችሁ አትደምድሙ።

ከጥናት ቦታችሁ ውጭም ተመልከቱ። ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ ጃቫ ደሴት፣ ደማክ ላይ ከቀርከሃና ከጭራሮ የተሠሩ ውሃ አሳላፊ አጥሮች ደለል እንዲይዙ ተተክለው ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ደለልም ያዙ። ግን በአካባቢው፣ በተለይ በጎረቤቷ ሰማራንግ፣ የከርሰ ምድር ውሃ በብዛት ስለሚሳብ መሬቱ ይሰምጣል። እንጨቱንም ባሕር ውስጥ ያለ እንጨት በል ፍጥረት ይቦረቡረዋል። አጥር ብቻውን ይህን አይችለውም።

ዓሣ አጥማጆቹን ደግሞ የሥራውን ንድፍ ከመሳላችሁ በፊት አነጋግሩ። ጭቃው በየትኛው ወር እንደሚታጠብ፣ የትኛው እንጨት ባሕር ውስጥ እንደሚበረክት፣ ጀልባቸው በየት በኩል እንደሚያልፍ ያውቃሉ። አጥራችሁ መንገዳቸውን ከዘጋ ይነቅሉታል፣ እኔም አልፈርድባቸውም።