ቦታ እያለው ትልቅ ፋይል አልቀበልም የሚል ፍላሽ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ከጥምቀት ማግሥት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ሠርግ በሚበዛበት ወቅት፣ በጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባሉ ፎቶ ቤቶች ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ደንበኛው ባለ 64 ጊጋባይት ባዶ ፍላሽ ይዞ ይመጣል፤ የተቀናበረው ፊልም ደግሞ 7 ጊጋባይት ብቻ ነው። ሆኖም ኮፒ ማድረግ ሲጀመር ኮምፒውተሩ ፋይሉ ለመድረሻው ፋይል ሲስተም እጅግ ትልቅ መሆኑን ገልጾ ሥራውን ያቆማል። ደንበኛው ፍላሹ የተበላሸ ይመስለዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ፍላሹ ጤነኛ ነው።

መንስኤው የቦታ ማነስ ሳይሆን የመዝገብ አያያዝ ነው። ፋይል ሲስተም ማለት የትኛው ፋይል በዲስኩ ላይ የት እንደተቀመጠና መጠኑ ስንት እንደሆነ የሚመዘግብ ሥርዓት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ከዊንዶውስ 95 እትሞች በአንዱ የመጣው ፋት 32 የእያንዳንዱን ፋይል መጠን የሚጽፍበት ቦታ 32 ቢት፣ ማለትም 32 የ0 ወይም የ1 አሃዝ ብቻ ነው። በዚህ ቦታ ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 4,294,967,295 (4 ጊጋባይት ገደማ) ስለሆነ፣ ከዚህ በአንድ ባይት እንኳ የሚበልጥ ፋይል መጠኑ የሚመዘገብበት ስፍራ የለውም። ፍላሹ አንድ ቴራባይት ባዶ ቦታ ቢኖረው ነገሩ አይለወጥም።

ለማረጋገጥ ፍላሹን ሰክቶ፣ በስሙ ላይ የቀኙን የማውስ ቁልፍ ተጭኖ ፕሮፐርቲስ የሚለውን መክፈትና ፋይል ሲስተም ከሚለው ቃል ፊት ለፊት የተጻፈውን ማንበብ ይበቃል። ፋት 32 የሚል ከሆነ መንስኤው ተገኝቷል።

መፍትሔው እንደ ፍላሹ አገልግሎት ይለያያል። ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው የሚዘዋወር ከሆነ ኤክስፋት የተሻለ ምርጫ ነው። ይህ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ሲሆን፣ ዊንዶውስም ማክም ያነቡታል፣ ይጽፉበታልም፤ ሊኑክስም ከ2019 ወዲህ በራሱ ይደግፈዋል። በፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ አስቀድሞ ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ፣ ከዚያም ፎርማት የሚለውን ከፍቶ ኤክስፋትን መምረጥና ሌላውን ሁሉ እንዳለ መተው ነው። ፎርማት ማድረግ ያለውን ሁሉ የሚያጠፋ ስለሆነ የደንበኛን ፍላሽ ሳይጠይቁ ፎርማት ማድረግ ፈጽሞ አይገባም፤ የማይተካ ፎቶ በዚህ መንገድ ሲጠፋ አይቻለሁ።

ሥራ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ለማኅደርነት የሚያገለግል ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ከሆነ ግን፣ ኮምፒውተሮቹ ዊንዶውስ እስከሆኑ ድረስ፣ የዊንዶውስ ፋይል ሲስተም የሆነውን ኤንቲኤፍኤስን እመርጣለሁ። ኤንቲኤፍኤስ የሚያደርገውን ለውጥ አስቀድሞ በማስታወሻ የሚይዝ በመሆኑ መብራት ድንገት ሲጠፋ መዝገቡን መልሶ የማቃናት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ኤክስፋት ይህ የለውም። ላፕቶፑ በባትሪ ቢቀጥልም በራሱ አዳፕተር የሚሠራ ትልቅ ዲስክ ከመብራቱ ጋር አብሮ እንደሚጠፋ መዘንጋት የለበትም። ዊንዶውስ ፋት 32ን ፋይሎቹ እንዳሉ ወደ ኤንቲኤፍኤስ የሚለውጥ ኮንቨርት የተባለ ትእዛዝ አለው፤ ወደ ኤክስፋት ግን አይለውጥም፣ ወደ ኋላም አይመልስም።

ምልክት፦ ፍላሹ ኤክስፋት ከተደረገ በኋላ ፊልሙ ገባ፤ የደንበኛው ቴሌቪዥን ግን ፍላሹን አያነብም።

አንዳንድ ቴሌቪዥኖችና ሪሲቨሮች፣ በተለይም የቆዩት፣ የሚያውቁት ፋት 32ን ብቻ ነው። ፍላሹ ወደ ፋት 32 ይመለስና ፊልሙ ከ4 ጊጋባይት በታች በሆኑ ክፍሎች ይከፈል፤ ሠርጉን በአንድ ፋይል፣ መልሱን በሌላ ማድረግ ለተመልካቹም ቢሆን የሚመች አከፋፈል ነው። የዊንዶውስ የፎርማት መስኮት ከ32 ጊጋባይት በላይ ለሆነ ፍላሽ ፋት 32ን በምርጫነት ካላቀረበ፣ ባለ 32 ወይም ከዚያ ያነሰ ፍላሽ መጠቀም ይቀላል። ፋይሉን በዚፕ ፕሮግራም ቆራርጦ መውሰድም ይቻላል፤ ነገር ግን ቁርጥራጮቹ በኮምፒውተር ላይ እስኪገጣጠሙ ድረስ ቴሌቪዥን አያጫውታቸውም።

ምልክት፦ ካሜራው አንዱን ቀረጻ በየጥቂት ደቂቃው ቆራርጦ ያስቀምጣል።

በጥምቀት ዕለት በአፄ ፋሲል መዋኛ ሳያቋርጥ የቀረጸ ባለሙያ፣ ሚሞሪውን ሲከፍት አንድ ሙሉ ፋይል ሳይሆን ተከታታይ ቁጥር ያላቸው በርካታ ፋይሎች ቢያገኝ ካሜራው አልተበላሸም። እስከ 32 ጊጋባይት ያሉ ሚሞሪ ካርዶች በፋት 32 ስለሚሠሩ ካሜራው የ4 ጊጋባይቱ ወሰን ላይ ሲደርስ አዲስ ፋይል ይከፍታል። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ ወሰኑን ስድስት ደቂቃ ሳይሞላ ይደርስበታል፤ በ24 ሜጋቢት የሚቀርጽ ግን 24 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ፎልደሩን ሳይነጣጥሉ እንዳለ መገልበጥና ክፍሎቹን በማቀናበሪያው ፕሮግራም ላይ በቅደም ተከተል መቀጠል ይበቃል። ከ64 ጊጋባይት ጀምሮ ያሉት ካርዶች ኤክስፋት ስለሆኑ ወሰኑ የለባቸውም፤ ይሁንና በልማድ ቆራርጠው የሚያስቀምጡ ካሜራዎች አሉ።

ምልክት፦ ፋይሎቹ ትንንሽ ናቸው፤ ቦታም አለ፤ ግን ፋይሉን መፍጠር አልተቻለም ይላል።

ይህ ችግር በአማርኛ ፋይል ለሚሰይም ሰው ቶሎ ይደርሳል። ፋት 32 በአንድ ፎልደር ውስጥ ከ65,536 የማይበልጡ የመዝገብ መስመሮች ይይዛል። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም አጭር ቢሆንም እንኳ ከአንድ መስመር በላይ ይወስዳል፤ ለየ13 ፊደሉ አንድ መስመር፣ በተጨማሪም ለአጭሩ የላቲን ስም አንድ መስመር ይያዝለታል። ስለዚህ ስማቸው ሃያ ፊደል የሆነ ፎቶዎች ሦስት ሦስት መስመር እየወሰዱ 22 ሺህ ሳይሞሉ ፎልደሩ ይሞላል። ፎቶዎቹን በየቀኑና በየሥነ ሥርዓቱ በተለያዩ ፎልደሮች መክፈል ችግሩን ያስወግደዋል።

ወደ ሊኑክስ ሲገለበጥ ደግሞ ስሙ ረዝሟል የሚል መልእክት ሊመጣ ይችላል፤ በዚያ የስም ወሰን 255 ባይት ሲሆን አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ ከ85 ፊደል በላይ አይገባም። ሊኑክስ ላይ ሌላም ጥንቃቄ ያሻል፤ ትልቅ ፋይል ወደ ፋት 32 ሲገለበጥ 4 ጊጋባይት ከሞላ በኋላ ይቆምና ያልተሟላ ቁራጭ ትቶ ሊቀር ስለሚችል፣ መጠኑን ከዋናው ሳያስተያዩ ዋናውን መሰረዝ አይገባም።

ምልክት፦ ማክ ዲስኩን ያነባል፤ አንዳች ነገር ግን አይጽፍበትም።

ዲስኩ ኤንቲኤፍኤስ ነው። ማክ ከራሱ ጋር በሚመጣው አሠራር ይህን ማንበብ እንጂ መጻፍ ስለማይችል ኤክስፋት ይደረግ።

ምልክት፦ ፋይሉ ያለ ምንም ስሕተት ገባ፤ ሲከፈት ግን አይጫወትም።

እዚህ ላይ የደንበኛው ጥርጣሬ ትክክል ሊሆን ይችላል። በርካሽ ዋጋ የሚሸጡ፣ ሁለት ቴራባይት ነን እያሉ በውስጣቸው ጥቂት ጊጋባይት ብቻ ያላቸው ፍላሾች አሉ፤ እውነተኛው ቦታ ካለቀ በኋላ የተጻፈው ሁሉ ይጠፋል። ኤች ቱ ቴስት ደብሊው የተባለው ፕሮግራም በዊንዶውስ፣ ኤፍ 3 የተባለው ደግሞ በሊኑክስ ፍላሹን እስከ ጫፉ ሞልተው መልሰው በማንበብ እውነተኛውን መጠን ያሳያሉ። ምርመራው ሰዓታት ሊፈጅ ስለሚችል ማታ ተክሎ ማደሩ ይሻላል። ፍላሹ ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ የትኛውም ፎርማት አያስተካክለውም፤ ፍላሹ ወደ ሻጩ ይመለስ።