ከካሜራው በፊት ማይኩን ግዙ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ፊልም መሥራት የሚያምራቸው ልጆች ቀድመው የሚጠይቁኝ «የቱን ካሜራ ልግዛ?» ብለው ነው። መልሴ ሁሌም አንድ ነው፤ ለጊዜው የያዛችሁት ስልክ ይበቃል፣ ብሩን ማይክ ላይ አውሉት። ደብዘዝ ያለ ምስል ሰው ችሎ ያያል። የማይሰማ ንግግር ግን ወዲያው ያሰለቻል።

የእኛ አገር ነፋስ ደግሞ አይጣል ነው። ጣርማ በር ላይም ሆነ መንዝ፣ ደጅ ላይ ማይኩ ሳይሸፈን የተቀዳ ድምፅ ጉርምርምታ ብቻ ይሆናል። ኤዲቲንግ ላይ አስተካክለዋለሁ ብላችሁ አትመኩ። ልብስ ላይ የሚሰካ ባለ ሽቦ ማይክ ግዙና ጠጉራም የነፋስ መከላከያ አልብሱት። መከላከያው ከጠፋ የበግ ጠጉር መቼ ቸግሮን ያውቃል? ንጹሕ፣ የተባዘተ ጠጉር ሳሳ አድርጋችሁ ጠቅልሉበት። ቆዳው ግን ይቅር፣ ድምፅ ያፍናል። የምትቀርጹትም ሰው ለነፋሱ ጀርባውን ሰጥቶ ከካብ ጥግ ይቁም።

አሰካኩም ጥበብ አለው። እንዝርት እያሾሩ የሚያወጉ እናት እየቀረጻችሁ ነው እንበል። ነጠላቸው ማይኩን በነካው ቁጥር ኮሽ ኮሽ ይላል፤ ጨዋታቸውን ይበላባችኋል። «እማማ፣ ነጠላዎን ትንሽ ወደ ትከሻዎ ከፍ ላድርገው?» ብላችሁ አስፈቅዱ። ማይኩን ከአገጫቸው አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጋችሁ ስኩት። ሽቦውን አንዴ ጠምዘዝ አድርጉና በፕላስተር ያዙት፤ ቢጎተትም ማይኩ ላይ አይሰማም። የሚቀዳውን ስልክ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። ከጨረሳችሁ በኋላ ሁሉም ዝም ብሎ የቤቱን ድምፅ ብቻ 30 ሰከንድ ቅዱ። ንግግር ስትቆርጡ ክፍተቱን የምትሞሉት በዚያ ነው።

ባዶ ሲሚንቶ ክፍል ውስጥ ድምፅ ያስተጋባል። ባና ወይም ጋቢ ካሜራው በማያየው በኩል ስቀሉ። ድምፁን በሌላ ስልክ ከቀዳችሁ ደግሞ ካሜራው ፊት አንዴ አጨብጭቡ፤ በኋላ ምስሉንና ድምፁን በእሷ ታገጣጥማላችሁ።

ወደ ምስሉ ስንመጣ፣ ከጠዋቱ 12:30 እስከ 2:30፣ ከሰዓት ደግሞ ከ10 ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ፊት ያሳምራል። ቀትር ላይ ዓይን ጉድጓድ ይሆናል፤ ጥላ ፈልጉ። ጥምቀትን ወይም ሰርግን ስትቀርጹ ስልኩ በነጩ ልብስ ይታለልና ፊትን ያጠቁራል። ስክሪኑ ላይ ፊቱን በጣታችሁ ተጭናችሁ ብርሃኑን ቆልፉት፤ ከዚያ የቀሚሱ ጥለት በደንብ እስኪለይ ብርሃኑን ቀስ እያላችሁ ቀንሱ። ዙም አትጠቀሙ፣ በእግራችሁ ቅረቡ።

የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው። ስለዚህ አምፖል ባለበት ቤት በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ ሻተሩን ማለትም እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚወስድበትን ጊዜ 1/50 ሰከንድ አድርጉ። ያለዚያ ምስሉ ላይ ጥቋቁር መስመር ሲሄድ ታዩታላችሁ።

ብርዱንም አትናቁት። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ባትሪ በብርድ ቶሎ ይደክማል። ትርፉን ባትሪ የውስጥ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። ከውጭ ብርድ ቡና ወደሚፈላበት ቤት ስትገቡ ሌንሱ ላይ ጉም ይይዛል፤ ካሜራው ሙቀቱን እስኪለምድ ከቦርሳው አታውጡት።

ለኤዲቲንግ በስልክ ካፕከት፣ ጠንከር ያለ ላፕቶፕ ካላችሁ ነፃው ዳቪንቺ ሪዞልቭ ይበቃችኋል። መጀመሪያ ንግግሩን ብቻ ቆራርጣችሁ ደርድሩ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት፤ ታሪኩ ከገባችሁ የእጃቸውን፣ የእንዝርቱን፣ የጓሮውን ምስል ከንግግሩ ላይ አልብሱት። ለዚህ ብላችሁ ቀረጻ ላይ እያንዳንዱን ነገር ሳትንቀሳቀሱ 10 ሰከንድ ያዙ።

ሙዚቃ በመጨረሻ ይገባል። ሥራውን ከማውጣታችሁ በፊት በስልክ ስፒከር አጫውቱት፤ አብዛኛው ተመልካች የሚሰማው በእሱ ነው። አንዲት ቃል እንኳ ከተዋጠች ሙዚቃውን ቀንሱ።