ደንቆሮ ጫካ በመኪና ለመውረድ ላሰባችሁ

ስሙን ሰምታችሁ እንዳትስቁ። ደንቆሮ ጫካ ደቡብ ወሎ፣ ቦረናና ሳይንት አካባቢ ያለው ጫካ ነው፣ በወረቀት ቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ ይባላል፣ አገሬው ግን ያው ደንቆሮ ነው የሚለው። ከደሴ ተነስታችሁ በአቀስታ አድርጋችሁ መካነ ሰላም ትገባላችሁ፣ ከዛ ቅርብ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ግን የመንገዱን ሰላም ደውላችሁ ጠይቁ፣ የትናንት ወሬ ለዛሬ አይሰራም። ደህና ካልሆነ ቅሩ፣ ጫካው የትም አይሄድም።

ጊዜው ከጥቅምት እስከ ጥር ቢሆን ይሻላል። ክረምት አይሞከርም፣ ከየካቲት ጀምሮ ደግሞ ወሎ በልግ አለው፣ ጠዋት ፀሀይ ነው ብላችሁ ገብታችሁ ከሰአት ከጣለ ዋልካው ጎማው ላይ እንደ ሊጥ ይጠመጠምና መሪ ብታዞሩም መኪናው የራሱን መንገድ ነው የሚሄደው። ህዳርና ታህሳስ ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ጋቢ ያዙ፣ ባትሪው የደከመበት ሰው ጠዋት እየተገፋ ነው የሚነሳው።

መኪናው ፎር ዊል ይሁን፣ ቪትዝ ይዛችሁ እንዳትሞክሩት። ለኔ የድሮዋን የላንድክሩዘር ሀርድቶፕ የሚያክል የለም፣ ግን አንድ ነገር አላት፣ ውስጥ ያለችውን ትንሿን ማርሽ ወደ ፎር ስላስገባችሁ ብቻ የፊት ጎማ አይጎትትም። ወርዳችሁ የፊት ጎማዎቹ መሀል ላይ ያለችውን ክብ መቆለፊያ በእጃችሁ አዙራችሁ ከፍሪ ወደ ሎክ ማምጣት አለባችሁ፣ ሁለቱንም። እኔ አንዴ የግራውን ቆልፌ የቀኙን ረስቼ ጭቃ ላይ ተተከልኩ፣ ነዳጅ በሰጠሁ ቁጥር የኋላው ጎማ እየቆፈረ ይወርዳል፣ ድንጋይ ብንጎዘጉዝ ገለባ ብንለምን ወይ ፍንክች። በመጨረሻ በቅሎ እየነዱ የመጡ አባት ጎንበስ ብለው አዩና «አብሽር ልጄ፣ የፊተኛው እኮ ጭራሽ አይዞርም» አሉኝ። መኪና ነድተው አያውቁም እሳቸው። ቀኙን ቆልፌ በአንድ ጊዜ ወጣሁ።

ናፍጣ ደሴ ላይ ሙሉ። ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) አየር እንዳለው እዩ፣ ክሪክ ስትይዙ ከስሩ የምትነጠፍ ወፍራም ጣውላም ያዙ፣ አለበለዚያ ለስላሳ አፈር ላይ ክሪኩ ነው የሚሰምጠው እንጂ መኪናው አይነሳም። ዳገቱ ላይ ጉልበት አነሰኝ ብላችሁ አትደንግጡ፣ 3,000 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ወደ ሲሶ የሚጠጋ ጉልበቱን ያጣል። መካነ ሰላም ላይ የፓርኩን ሰዎች አናግራችሁ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ይዛችሁ ግቡ፣ ጎማ ያልረገጠው የጓሳ ሳር ላይ ደግሞ አትውጡ።

ዋናው ነገር ቁልቁለቱ ነው። ከላይ ጓሳና ጅባራ፣ ዝቅ ሲል አስታ፣ ከዛ ጥድና ወይራ እየተከተለ ይመጣል፣ አይን ይሰርቃል፣ ሾፌሩ ግን መንገዱን ይይ፣ ማየት ከፈለገ ቆሞ ይይ። የድሮ ሾፌሮች የወጣህበት ማርሽ መውረጃህ ነው ይላሉ። ገና አናቱ ላይ ሳላችሁ ትንሿን ማርሽ ሎው አስገብታችሁ አንደኛ ወይ ሁለተኛ ላይ አድርጉና ሞተሩ ራሱ ይያዛችሁ፣ እግራችሁን ከፍሪሲዮን ላይ አንሱ፣ ፍሪሲዮን ረግጦ መውረድ መኪናውን ለገደሉ መልቀቅ ነው። ፍሬን ነካ አድርጎ መልቀቅ ነው እንጂ ይዞ መውረድ የለም፣ የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁና ፔዳሉ ወደ ውስጥ ከገባ ፍሬኑ ግሏል፣ ሜዳ ቦታ ቁሙና እስኪበርድ ቡና አፍሉ። ውሀ እንዳትደፉበት!

ሜዳው ደርቆ አቧራ ቢሆንም ጫካ ውስጥ ጥላው ስር አፈሩ እርጥብ ነው፣ ቅጠል ሲለብስ ደግሞ አይታይም፣ ከፀሀይ ወደ ጥላ ስትገቡ ቀድማችሁ ቀንሱ። የማታውቁት ጠባብ ቦታ ላይ ወርዳችሁ በእግር እዩት፣ የገደሉ ጠርዝ ላይ ያለው አፈር ከዝናብ በኋላ ይሸሻል። ሽቅብ ለሚመጣ መኪና ቅድሚያ ስጡ። የተጫነ አህያ ከመጣ በተራራው በኩል አሳልፉት፣ ክላክስ አትንፉበት። ቁልቁለት ላይ ስታቆሙ ማርሽ ውስጥ፣ መሪው ወደ ተራራው፣ ከጎማው ስር ታኮ፣ የእጅ ፍሬን ብቻውን አይታመንም።

ጭላዳ ካያችሁ ሞተር አጥፉና ዝም በሉ፣ ሳር እየነጩ ራሳቸው ይጠጓችኋል። ቀይ ቀበሮ ግን እድል ነው፣ ጠዋት ማልዳችሁ ሞክሩ።

ስትወጡ መኪናው ስር ጎንበስ ብላችሁ እዩ፣ ደረቅ ሳር ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ላይ ተጣብቆ ይቀርና እሳት ያስነሳል። አስፋልት ከመግባታችሁ በፊት ደግሞ ሎኩን ወደ ፍሪ መልሱት። ሁለቱንም!