ለልብ ወለዳችሁ የጭራቅ ዘር ስትፈጥሩ

ጥርስና ቀንድ ከመሳላችሁ በፊት አንድ ነገር ወስኑ፦ ከየት መጡ? እኔ ሁሌም ከዚህ ነው የምጀምረው።

የእንግሊዛዊውን ደራሲ የቶልኪንን ጭራቆች፣ ኦርኮችን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1977 በታተመው «ሲልማሪሊዮን» በተባለ መጽሐፉ ላይ፣ የክፋት ጌታው ሜልኮር ኤልፎች የሚባሉትን ውብ ፍጡራን ማርኮ ኡቱምኖ በተባለ ምሽጉ እስር ቤት ቀስ በቀስ እያሰቃየ እንዳበላሻቸው፣ ኦርኮችም ከእነሱ እንደወጡ ይተረካል። ክፋት እዚያ ዓለም ውስጥ ሕይወት መፍጠር አይችልም፤ ያለውን ማጣመም ብቻ ነው። ጣጣው ታዲያ ከዚህ ይመጣል። ኤልፍ ከነበሩ ነፍስ አላቸው ማለት ነው? ምሕረትስ ይገባቸዋል? ደራሲው ራሱ በኋላ ሐሳቡን እየቀያየረ አንዴ ከሰው፣ አንዴ ከአውሬ ሊያመጣቸው ሞክሯል። እናንተም ጥያቄውን አትሽሹት። ታሪኩ የሚጣፍጠው እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ ኑሯቸውን ጻፉ። ምን ይበላሉ? ልጅ ማን ያሳድጋል? ኦርኮች ጌታቸውን ይፈሩታል፣ ይጠሉታልም። ለእኔ ይህቺ ጥላቻ ከስንት ጥፍር ትበልጣለች። የራሴን ጭራቆች ጨው ወዳድ አደረግኳቸው፤ ወዲያው ገበያ፣ መንገድና ጠብ መጣልኝ።

መልካቸውንና ስማቸውን ግን ከአንድ ሕዝብ ላይ አትቅዱ። ነውር ነው።

የመጀመሪያውን ትዕይንት ሁለት ጭራቆች ስለ እራት ሲነታረኩ ጻፉት፤ ሰው የሚባል አይግባበት።